ከመንዝ የመጣው ጭፈራችን

ሌላው ሰው ከአባቱ ቤት ይወርሳል፣ መሬት ይወርሳል፣ ምንም ቢጠፋ ስኳር በሽታ ይወርሳል። እኛ የወረስነው ጭፈራ ነው። አባቴ ይህን ሲናገር የርስት ካርታ በኪሱ እንደያዘ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነው። አያቴ ለምድር ባቡር ሊሠራ ከመንዝ ወርዶ ድሬዳዋ ሲገባ ይዞት የመጣው ሁለት ነገር ነበር፤ አንድ በርኖስና የአባቶቹ ጭፈራ። በርኖሱን ብል እየቀማመሰው እስከ ዛሬ አለ። ጭፈራው ግን፣ በአባቴ አነጋገር፣ አንዲት እርምጃ ሳትጎድል እኛ ዘንድ ደርሷል።

አባቴ ከምድር ባቡር ጋራዥ በጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። ለገሃር አጠገብ ተወለደ፣ ከዚራ አደገ፣ ከዚራ አገባ፣ ዛሬም ከዚራ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሰው ይተቻል። መንዝን አይቶ አያውቅም። ሆኖም «አገሬ» ሲል መንዝ ማለቱ ነው፤ ድሬዳዋ ለእሱ ባቡሩ እስኪነሳ ድረስ ሰባ ምናምን ዓመት አረፍ ያለባት ጣቢያ ናት። ሐረር ለለቅሶ ሲወጣ እንኳ ሹራብ ደርቦ «ይሄ ብርድ ሰው ይገድላል» እያለ የሚመለስ ሰው፣ የመንዝ ውርጭ በደሜ አለ ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ልዩነቱ የእኛ ቤት ላም በዓመት በዓል መጨፈሯ ብቻ ነው።

ትምህርቱ የሚሰጠው በበዓል ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ግቢያችን ውስጥ ነበር። በቤታችን ደንብ ወንድ ይጨፍራል፣ ሴት ታጨበጭባለች። እግዚአብሔር ደግሞ ለአባቴ ሴቶች ልጆች ብቻ ሰጠው። ሌላ ሰው ቢሆን ደንቡን ይለውጥ ነበር፤ አባቴ እኛን ለወጠን። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ከምሳ በኋላ እህቶቼና እኔ ወንዶች ነን። ሳህን የሚታጠብበት ሰዓት ሲደርስ ወደ ሴትነታችን እንመለሳለን።

አባቴ በርኖሱን ይደርባል። በዚያ ሰዓት የድሬዳዋ ፀሐይ አስፋልት ታቀልጣለች፤ ፍየሎቹ እንኳ ግድግዳ ተጠግተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እሱ ግን የብርድ አገር ጭፈራ ያለ በርኖስ አይሆንም ይላል። ትከሻችን ይንቀጠቀጣል፤ እግራችን ወደ ጎን ሁለቴ ይረግጣል፤ ጉልበት እጥፍ ይልና አንገት ወዲያና ወዲህ ይወረወራል። ስንሳሳት እንደ ሞተር ነበር የሚያዳምጠን። ግራ እግርሽ ዘግይቷል ይለኛል። ታላቅ እህቴን ጉልበትሽ ግራሶ ይፈልጋል ይላታል። አንድ ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ የሸዋ ጭፈራ ሲታይ ከእኛ ጋር ጨርሶ እንደማይገጥም ነገርኩት። ለመድረክ ብለው አበላሽተውታል አለኝ፤ እውነተኛው እኛ ዘንድ እንደቀረ አስረዳኝ። አገር ሙሉ ተሳስቶ አንድ የከዚራ ግቢ ብቻ ልክ ሆነ። እኔም ልጅ ነኝና አመንኩ።

የሚያጨበጭቡት አያቴና አክስቴ ናቸው። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ያለችው የሐርላ መንደር ልጅ ናት። ወገኖቿ ፍየል የሚያረቡ፣ ማሽላ የሚዘሩ፣ ሶላት የሚሰግዱ ኦሮሞዎች ናቸው። ወንድ አያቴን፣ ያን የመንዝ ሰው፣ ስታገባ ክርስትና ተነሳች፤ አማርኛዋ ግን እስክትሞት የሐርላ እንደሆነ ቀረ። በበዓል ቀን ዱካዋን፣ ያችን አጭር መቀመጫዋን፣ ግድግዳ ላይ አስጠግታ ትቀመጥና በእነዚያ ሰፋፊ መዳፎቿ ታጨበጭባለች። አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ከጎኗ ሆና ትከተላታለች። ጭብጨባቸው ደረቅና ጠንካራ ነበር፤ ሰፈር ውስጥ በዓል መግባቱ የሚታወቀው በእሱ ነው። ግን ማጨብጨብ በቤታችን እንደ በር መጠበቅ ነበር፤ አንድ ሰው ይሠራዋል፣ ማንም አያመሰግነውም። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ ጭፈራ አታውቅም፣ ታጨበጭባለች እንጂ ይል ነበር። እሷም ሰምታ ትስቃለች፤ ማጨብጨቧን ግን አታቆምም።

የአያቴ የሐርላ ዘመዶች በሠርጋችን ሁሉ ይመጣሉ። ጭፈራው ሲደምቅ ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው ይገባሉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ አንድም ቀን ግን ሲሳሳቱ አላየሁም። ሁለቴ ወደ ጎን፣ ጉልበት፣ አንገት። እኛ ዓመት ሙሉ የተሰደብንበትን እነሱ ከበር እንደገቡ ያደርጉታል። አባቴ ታዲያ በኩራት ወደ እኛ ዞሮ የመንዝን ጭፈራ እንዴት እንደቻሉት አያችሁ ይለናል፤ ሰው ከሰው ሲውል ይማራል፣ እናንተ ግን የገዛ ደማችሁን አቃታችሁ። የሐርላ ዘመዶቻችን ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። ጨዋዎች ስለሆኑ ነው የመሰለኝ።

አያቴ ሞተች። ዱካዋን አክስቴ ወረሰች። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ልጄ አደገችና ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ገባች። እዚያ አንድ የማሽን ቴክኒሻን ወደደች። ልጁን ቤት ይዛው ስትመጣ አባቴ ሥራውን አልጠየቀም፣ ጠባዩን አልጠየቀም፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። ልጁ ከመንዝ ነኝ ሲል የአባቴ ጥያቄ ከመንዝ የት የሚል ብቻ ነበር። ልጁ የሰፈሩን ስም ሲጠራ አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። የወንድ አያቴ መንደር ከዚያ የአንድ ጠዋት መንገድ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠርጉ የልጄ መሆኑ ቀረ። ልጄ ዲጄ ፈለገች። አባቴ ለአዳራሹ ዲጄውን ፈቀደ፤ የመልሱ ቀን ግን በእኛ ግቢ፣ በእኛ ጭፈራ እንዲሆን ፈረደ። የእህቶቼን ልጆች ሰብስቦ ያሠለጥን ጀመር። እኔም ከነወገብ ሕመሜ ተመለመልኩ። ሙሽራዋ ፋብሪካ ቆማ ውላ ስትመጣ በዚያው እግሯ ሁለቴ ወደ ጎን ትረግጣለች። ባለቤቶቹ ፊት ነው የምንቀርበው ይላል፤ ባለቤቶቹ የሚላቸው ከመንዝ የሚመጡትን የሙሽራውን ዘመዶች ነው።

ምን ሆነሃል፣ ሠርግ እንጂ ፈተና አይደለም አልኩት አንድ ቀን። ጥላው ሥር ተቀምጦ የበርኖሱን ቀዳዳ በመርፌ እየደፈነ ነበር። «አባቴ እንደወረደ ቀረ» አለኝ። «ሊመለስ እያለ ሞተ። እነሱ አይተው የኛ ነው ካሉ፣ ተመለሰ ማለት ነው።» ለካ ያ ሁሉ ስድብ፣ ያ ሁሉ ላብ፣ አንድ ሰው ከዚያ አገር መጥቶ «የኛ ነው» እንዲለው ኖሯል። አዘንኩለት። ከዚያ ግራ እግርሽ አሁንም ይዘገያል አለኝና ሐዘኔ ለቀቀኝ።

የመልሱ ዕለት እንግዶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከላይ ጋቢ ደርበው መጡ። ከባጃጅ ወርደው ግቢው እስኪደርሱ ጋቢያቸው በላብ ከጀርባቸው ተጣብቆ ነበር። እነሱ ሁሉን ሰው «እርስዎ» ይላሉ። እኛ ድሬዎች ደግሞ አንቱታ ጉሮሯችን ላይ ይቀራል። አክስቴ የሙሽራውን አባት እንዴት ነህ አቦ ስትለው ሰውየው ማንን ነው ብሎ ወደኋላው ዞሮ አየ። አባቴ ብቻ ነው ሳምንቱን ሙሉ አንቱታ ሲለማመድ የሰነበተው።

ከምሳ በኋላ ጀመርን። አክስቴ ዱካዋ ላይ ሆና እጇን አነሳች፤ እኛም ገባን። መቼም ሐቁን ልናገር፤ እንደዚያን ቀን ጨፍረን አናውቅም። ግራ እግሬ እንኳ ሰዓቱን አከበረ። የሐርላ ዘመዶቻችን ገቡና ግቢው አቧራ በአቧራ ሆነ። አባቴ መሐል ላይ በርኖሱን እንደ ክንፍ ዘርግቶ አንገቱን ይወረውራል። የሙሽራው እናት፣ ፈገግታ ከፊቷ የማይጠፋ ጨዋ ሴት፣ ልታጅበን ማጨብጨብ ጀምራ ነበር። እጇ ከአክስቴ እጅ አልገጥም አለ። ሁለት ሦስቴ ሞክራ ተወችውና እጇን ኩታዋ ውስጥ ከተተች።

ጭፈራው ሲያበቃ አባቴ እያለከለከ በቀጥታ ወደ እሷ ሄደና ከፊቷ ቆመ። ምንም አልጠየቃትም። «የኛ ነው» እንድትለው ጠበቀ።

«ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ እግዜር ያክብርልን» አለችው። «የየት አገር ነው?»

ክፋት አልነበረባትም። ክፋት ቢኖርባት ኖሮ አባቴ መልስ አያጣም ነበር፤ ክፉ ሰው ማሳፈር ያውቅበታል። የጠየቀችው እንግዳ የወጥ ስም እንደሚጠይቅ ነው። ሙሽራው ሁኔታው ገብቶት የድሬ ልጆች ጨዋታ ሲያውቁ እያለ ነገሩን ሊያለሳልስ ሞከረ፤ ባይሞክር ይሻል ነበር። እንግዶቹም ብድር ለመመለስ ተነስተው የራሳቸውን ጨፈሩ። ትከሻና ደረት ነው፤ ወደ ጎን የሚረግጥ የለ፣ አንገቱን የሚወረውር የለ። ልክ በቴሌቪዥን «ተበላሽቶ» እንዳየነው። አባቴ ዳር ይዞ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አየ። በርኖሱን ሳያወልቅ ራት ላይ ቀረበ፤ ምንም ሳይበላ ተነሳ።

እንቁጣጣሽ መጣ። ከምሳ በኋላ ማንም አልጠራንም። ዕድሜ ልኬን የተሳልኩለት ነገር ደረሰልኝ፤ በበዓል ቀን ጥላ ሥር ተቀምጬ ለስላሳ መጠጣት። አባቴ ክፍሉ ውስጥ ሬዲዮ ይሰማል። እህቶቼ ስልካቸውን ይነካካሉ። አክስቴ ሳትመጣ ቀረች፤ ለማን አጨበጭባለሁ ብላ ነው። እኔ ታዲያ እግሬን የማደርግበት አጣሁ። ናፈቀኝ። ያን ሰድቦ የሚያስጨፍረኝን ሰውዬ፣ ያን የማልወደውን ሙቀት፣ ግራ እግሬ ዘገየ መባሉን ናፈቅኩ። ለማንም ግን አልተናገርኩም፤ ማን ያምነኛል?

ገና ከመድረሱ በፊት አባቴ አዲስ ዘመቻ ጀመረ። የልጄ ባል የመንደሩን የሠርግ ቪዲዮ ስልኩ ላይ ጫነለት። አባቴም ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ስልኩን ከግድግዳው አስደግፎ፣ በርኖሱን ደርቦ፣ እውነተኛውን የመንዝ ጭፈራ መማር ያዘ። በዚህ ዕድሜው፣ በዚያ ጉልበቱ። እግሩን ቀጥ አድርጎ ሊያቆመው ጥርሱን ይነክሳል። ስቄበት ነበር፤ ኋላ ግን መሳቅ አልቻልኩም። እያደርም እየቻለው መጣ፤ ትከሻው ከስልኩ ጋር ይሄድ ጀመር።

አንድ ጠዋት አክስቴ ከመጋላ ገበያ ስትመለስ ጎራ አለች። አትክልቷን አስቀምጣ ዱካዋ ላይ ተቀመጠችና ታየው ጀመር። እጇ በራሱ ጊዜ ማጨብጨብ ጀመረ። ወዲያው የአባቴ እግር ወደ ጎን ሄደ። አቆመና እንደገና ቪዲዮውን ከፈተ። እሷ አጨበጨበች፤ እግሩ ሄደ።

«አበላሸሽብኝ እኮ። በትክክል አጨብጭቢ እንጂ።»

«በትክክል ነው የማጨበጭበው።»

«የማንን ነው የምታጨበጭቢው?»

«የእማዬን ነዋ ጋሼ። ሌላ የማን አውቃለሁ?»

አባቴ ስልኩን አነሳና አጠፋው። እስቲ ድገሚው አላት። ደገመችው። እግሩ ሁለቴ ወደ ጎን ረገጠ፣ ጉልበቱ ታጠፈ፣ አንገቱ ተወረወረ። በቃ አላትና ቆመ። እንደገና አላት፣ እንደገና ሆነ። እኔ በር ላይ ቆሜ እሱ የገባውን ነገር ከፊቱ ላይ አነበብኩት። አያቴ ከመንዝ ትከሻውን ይዞ መጥቶ ነበር። እግራችንን ግን ዱካ ላይ የተቀመጠችው ሴት ናት በመዳፏ ስትነዳው የኖረችው፤ የሐርላውን ምት ትመታለች፣ ባሏም ልጇም የልጅ ልጆቿም ይረግጣሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል። እኛ ቤት ተገላብጦ የእምዬን ጌጥ ለአብዬ አጥልቀንለት ኖረናል።

በማግስቱ ባጃጅ ይዘን ሐርላ ወጣን። የአባቴን እኩያ፣ የአክስቱን ልጅ፣ ጥላ ሥር ሆኖ ጫቱን እየቀነጠሰ አገኘነው። በሠርጋችን ሁሉ ሽርጡን አጥብቆ ሲገባ የኖረው እሱ ነው። አባቴ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ እንዴት አትነግሩኝም ብሎ ጮኸበት።

«ምኑን ነው የምንነግርህ ያ ኦቦሌሳ?» አለው ሰውየው። ወንድሜ ማለቱ ነው። «አስተማርኳቸው ስትል ደስ ይልህ ነበር፤ ወላሂ እኛም እንስቅ ነበር። ደስ ያለው ሰው ይከለከላል እንዴ?»

ከዚያ ብዙ አጫወተን። አያቴ በልጅነቷ የሐርላ የጭፈራ ጉድ እንደነበረች ከእናቱ ሰምቷል። ጎረምሶች እሷን ሊገጥሟት ከሩቅ መንደር ይመጡ ነበር አሉ፤ ጎሕ እስኪቀድ አትደክምም። ባል አግብታ ከተማ ስትገባ ግን የባሏ ቤት ደንብ ሴት ታጨበጭባለች አለ። እሷም ዱካዋን ይዛ ተቀመጠች። አባቴ ራሱን ደፍቶ ሰማ። ጭፈራ አታውቅም ሲላት የምትስቀው ሳቅ ለእኔም ያኔ ነው የገባኝ፤ ጆሮዬ ውስጥ መጥቶ ቆሌዬን ገፈፈው።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ አንዲት ነገር ብቻ ነው የተናገረው። «አንድ ቀን ተነሺ ብያት አላውቅም» አለ።

ልጄ ሴት ልጅ ወለደች። ለክርስትናው የመንዞቹ እንደገና መጡ፤ አሁንም ጋቢ ደርበዋል። አንዳንድ ሰው ከድሬዳዋ ፀሐይ አይማርም። አባቴም በርኖሱን ለብሶ ወጣ፤ በልቤ አሁንስ አበዛው አልኩ። እሱ ግን በቀጥታ ወደ አማቼ አባት ሄደና በርኖሱን አውልቆ አለበሰው። ለክብር ይሁን ለቅጣት ዛሬም አላውቅም። ሰውየው ከጋቢው በላይ በርኖሱን ተሸክሞ ሲያልበው ዋለ፤ ይሉኝታ ይዞት ማውለቅ አልቻለም።

አባቴ በሸሚዝ ብቻ ወደ አክስቴ መጣና እጇን ይዞ ተነሺ አላት። እንደምታለቅስ ወይም እንደምትስቅ ጠብቄ ነበር። እኔ ከተነሳሁ ማን ያጨበጭባል ብላ ተቆጣችውና እጇን አስለቀቀች። ልክ ናት። አባቴ ግን ዱካዋን ከግድግዳው አንስቶ ግቢው መሐል አኖረው። እሷም እየተሳደበች መጣች።

እጇን አነሳች፤ ገባን። የሐርላዎቹም ገቡ። አባቴ ያለ በርኖሱ ቀጭን ሽማግሌ ሆኖ፣ ከሁላችን ቀሎ፣ ወደ ጎን እየረገጠ አንገቱን ይወረውራል። ግራ እግሬ ዘገየ፤ ምንም አላለኝም። ጭፈራውን ሳያቋርጥ እየረገጠ፣ እየረገጠ፣ ወደ አማቼ እናት ሄደና ከፊቷ ደረሰ።

«አምና ጠይቀውኝ አልመለስኩልዎትም» አላት።

ሴትዮዋ ረስታዋለች። ምን ነበር ያልኩዎት አለችው እየሳቀች።

«የእናቴ ነው» አላት።

የአክስቴ ጭብጨባ ቆመ። እኛም ሁላችን ባለንበት ቆምን።